ኒው እና ዲሊት በኮምፓይል ጊዜ እንዲሠሩ ማድረግ፦ በክላንግ ባይትኮድ አስሊ ላይ አዲስ ፊቸር ለመጨመር ዝርዝር መመሪያ

በኮንስትኤክስፐር አስሊ፣ ማለትም ሲ++ ኮምፓይለር ኮድን በኮምፓይል ጊዜ አስልቶ ዋጋ በሚያገኝበት ክፍል፣ ላይ ፊቸር የሚጨምሩ ሰዎች የሚወድቁት ዋጋውን ማስላት አቅቷቸው አይደለም። ስሌቱ ይሠራል፣ ቴስቱም ያልፋል። ቆይቶ ግን ኮምፓይለሩ መቀበል የሌለበትን ፕሮግራም ዝም ብሎ ሲቀበል ይገኛል፤ ወይም ስታክ ላይ (አስሊው ዋጋዎችን በሚደራርብበት ቦታ) ተረስቶ የቀረ አንድ ዋጋ ከብዙ ጥሪ በኋላ ክራሽ ያመጣል። ሥራውን ከተራ ኢንተርፕሪተር የሚለየው ይህ ነው፦ አስሊው ፕሮግራሙን ከማስኬዱ በተጨማሪ እያንዳንዱን እርምጃ የሲ++ መስፈርት ይፈቅደው እንደሆነ ይፈርዳል። ፍርዱ ከስሌቱ የበለጠ ኮድ ይፈጃል።

ለምሳሌነት የተመረጠው ሲ++20 በኮምፓይል ጊዜ የፈቀደው ኒው (ሜሞሪ የሚወስደው) እና ዲሊት (የሚመልሰው) ነው። የሲ++ ኮምፓይለር የሆነው ክላንግ ይህን ፊቸር ስለሚደግፍ እያንዳንዱን ደረጃ ከኮዱ ጋር እያመሳከራችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ሌላ ፊቸር ስትጨምሩም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

አሰርሽን (ኮዱ ራሱን የሚያጣራበት የውስጥ ፍተሻ) የበራበት ክላንግ ገንቡ። በግንባታ መሣሪያው፣ በሲሜክ፣ ኤልኤልቪኤም_ኢኔብል_አሰርሽንስ የሚለውን ኦን አድርጉ። የግንባታው ዓይነት ሪሊዝ ቢሆንም ችግር የለውም። የአስሊው ስታክ የእያንዳንዱን ዋጋ ዓይነት ይመዘግባል፤ የምታወጡት ዓይነት ካስገባችሁት ጋር መግጠሙን የሚያጣራው ግን አሰርሽን ሲበራ ብቻ ነው። ካልበራ ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር አስገብታችሁ ፖይንተር ስታወጡ ማንም አይነግራችሁም። ከተቻለ የሜሞሪ ስህተት በሚይዘው በአድሬስ ሳኒታይዘር የተገነባ ሁለተኛ ፎልደርም ይኑራችሁ፤ ደረጃ 5 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

የትኛው አስሊ እየሠራ እንደሆነ እወቁ። ክላንግ ሁለት አስሊዎች አሉት። ነባሩ የአገባብ ዛፉን በቀጥታ እየተራመደ ያሰላል፤ ኮዱም ኤክስፐርኮንስታንት በሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። አዲሱ ዛፉን መጀመሪያ ወደ ባይትኮድ፣ ማለትም ወደ ተከታታይ ትንንሽ ትእዛዞች፣ ይለውጣል፤ ኮዱ ከኤኤስቲ (የአገባብ ዛፍ) ላይብረሪው ሥር ባይትኮድ በሚባለው ፎልደር ይገኛል። አዲሱን የሚያስነሳው ኤፍ-ኤክስፔሪሜንታል-ኒው-ኮንስታንት-ኢንተርፕሪተር የሚለው ፍላግ ነው። ፍላጉን ረስታችሁ ቴስት ብታስኬዱ የሚያልፈው የነባሩ አስሊ ሥራ ነው፤ የናንተ ኮድ አንድም ጊዜ አልተነካም። ለማረጋገጥ በጻፋችሁት ፈንክሽን መጀመሪያ ላይ ሆን ብላችሁ ክራሽ የሚያደርግ መስመር ጨምሩና አንድ ጊዜ አስኬዱ።

ሦስት የፕሮግራም ዝርዝር ጻፉ። ኮድ ከመንካታችሁ በፊት አዘጋጁት፦

1. አስሊው ተቀብሎ ዋጋ መስጠት ያለበት።
2. አስሊው በግልጽ መልእክት መከልከል ያለበት።
3. አስሊው ባይችልም ፕሮግራሙ ትክክል የሆነ፣ ማለትም ስሌቱ ለራንታይም የሚተውበት። ኮንስት ብቻ የሆነ ግሎባል ተለዋዋጭ በኒው ሲጀመር ለምሳሌ።

ሦስተኛውን ዝርዝር ብዙዎች ይዘሉታል። አስሊው የግዴታ ባልሆነበት ቦታም ይጠራል፤ እዚያ ሲያቅተው ያለ ምንም ኮቴ መውጣት አለበት።

ከመስፈርቱ ሕግ ወደ ምርመራ የሚያሻግር ሰንጠረዥ ሥሩ። ስለ ኮንስታንት ኤክስፕረሽን የሚናገረውን አንቀጽ ክፈቱና እያንዳንዱን ክልከላ በአንድ ረድፍ አስፍሩ፤ ከጎኑ የትኛው ኦፕኮድ (አንድ የባይትኮድ ትእዛዝ) እንደሚመረምረው ጻፉ። ለኒው እና ዲሊት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ የተመረጠው የሜሞሪ ሰጪ ፈንክሽን ሊተኩ ከሚችሉት ግሎባል ፈንክሽኖች አንዱ መሆን አለበት፤ የተወሰደው ሜሞሪ በዚያው ስሌት ውስጥ መመለስ አለበት፤ ዲሊት የሚመልሰውም በዚያው ስሌት የተወሰደውን ብቻ ነው። ኦፐሬተር ኒውን እንደ ፈንክሽን በስሙ መጥራት የሚፈቀደው ከስታንዳርድ አሎኬተር አሎኬት ፈንክሽን ውስጥ ሲጠራ ነው። ባዶ የቀረ ረድፍ ካለ ሥራው አልተጠናቀቀም።

## ደረጃ 1፦ አሁን የት እንደሚሰበር አግኙ

ከመጀመሪያው ዝርዝር አጭሩን ፕሮግራም አስኬዱና መልእክቱን አንብቡ። ሦስት ዓይነት ውድቀት አለ።

ስህተቱ የመጣው ኮዱን ከሚያነበው ክፍል፣ ከፓርሰሩ፣ ከሆነ ገና አስሊው ጋ አልደረሳችሁም። የኮንስትኤክስፐር ፈንክሽኑ አካል ይህን ስቴትመንት መያዝ አይችልም የሚል ከሆነ የከለከለው የትርጉም ምርመራው ክፍል፣ ሴማ፣ ነው። ጎቱ እና ትራይን የመሰሉ ስቴትመንቶች የሚያዙት እዚህ ነው፤ አስሊውን ብታስተካክሉም ሴማ ካልፈቀደ ኮዳችሁ አይጠራም። ንኡስ ኤክስፕረሽኑ በኮንስታንት ኤክስፕረሽን ውስጥ አይፈቀድም የሚል ጥቅል ማስታወሻ ከመጣ ግን ብዙ ጊዜ ባይትኮድ አመንጪው ለዚያ የዛፉ ኖድ የቪዚት (የመጎብኛ) ፈንክሽን የለውም ማለት ነው። መነሻችሁ ይህ ነው።

ሴማን መንካት ካስፈለገ በተለየ ፓች አድርጉት። ሁለቱ ሲደባለቁ ገምጋሚው የትኛው ለውጥ የትኛውን መልእክት እንዳመጣ መለየት ያቅተዋል።

## ደረጃ 2፦ አዲስ የሚያዘው ሁኔታ ምን እንደሆነ ወስኑ

ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ፊቸር አስሊው ከዚህ በፊት የማያውቀውን ነገር እንዲያስታውስ ያስገድደዋል? ካላስገደደ ወደ ደረጃ 3 እለፉ። ኒው ግን ያስገድዳል። የሎካል ተለዋዋጭ ሜሞሪ ስኮፑ ሲዘጋ ይሞታል፤ በኒው የተወሰደው ግን ከስኮፕ ስኮፕ ይሻገራል።

ስለዚህ በስሌቱ ሁኔታ ውስጥ የሜሞሪ መዝገብ ያስፈልጋል። በክላንግ ይህን የሚይዘው ዳይናሚክ አሎኬተር የሚባለው ክላስ ነው። ለእያንዳንዱ ብሎክ እነዚህን መዝግቡ፦

- ብሎኩን የፈጠረው የኒው ኤክስፕረሽን። ለስህተት መልእክትም ለማጣራትም ያገለግላል።
- የአወሳሰዱ ዓይነት፦ ለነጠላ፣ ለአሬይ፣ ወይስ በኦፐሬተር ጥሪ።
- የኤለመንቱ ዓይነትና ብዛት፤ ክላንግ ይህን የሚይዘው በዲስክሪፕተር ነው።
- የትኛው ኤለመንት ዋጋ እንደተሰጠው።

የመጨረሻውን አትናቁት። ዋጋ ሳይሰጠው በኒው የተወሰደ ኢንቲጀር ማንበብ ክልክል ነው። ብሎኩን በዜሮ ሞልታችሁ ሁሉንም «ተጀምሯል» ብትሉ ስሌቱ ያማረ ውጤት ይሰጣል፤ መስፈርቱ የከለከለውን ግን ተቀብላችኋል።

ሲመለስ ብሎኩን ወዲያው ከሜሞሪ አታጥፉ። ወደ እርሱ የሚያመለክት ፖይንተር ካለ ሞቷል ተብሎ ምልክት ተደርጎበት ይቆይ። አለዚያ ከዲሊት በኋላ የተደረገ ንባብን በመልእክት ፈንታ በክራሽ ትመልሳላችሁ።

## ደረጃ 3፦ ዛፉን ወደ ባይትኮድ ለውጡ

ባይትኮድ አመንጪው አንድን ኤክስፕረሽን በሦስት ሁኔታ ይጎበኛል፦ ዋጋው ስታክ ላይ እንዲቀር፣ ዋጋው እንዲጣል፣ ወይም ስታክ ላይ ቀድሞ ባለ ፖይንተር ወደሚታየው ቦታ በቀጥታ እንዲጻፍ። የምትጽፉት የቪዚት ፈንክሽን እነዚህን ሁሉ ማክበር አለበት። በዚህ ሥራ ከሚታዩት ክራሾች ብዙዎቹ የሚመነጩት ሁለተኛውን ከመርሳት ነው፤ ውጤቱ ሳይያዝ ኒው ብቻውን እንደ ስቴትመንት ሲጻፍ ፖይንተሩ ስታክ ላይ ይቀራል።

ለነጠላ ኒው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. የኤለመንቱን ዲስክሪፕተር ሥሩ፤ ሜሞሪ የሚወስደውን የአሎክ ኦፕኮድ አውጡ። ስታክ ላይ አንድ ፖይንተር ይኖራል።
2. መነሻ ዋጋ ካለና ዓይነቱ ፕሪሚቲቭ (እንደ ኢንቲጀር ወይም ፖይንተር ያለ ነጠላ ዋጋ) ከሆነ ዋጋውን ጎብኙ፤ ቀጥሎ ኢኒት የሚለውን ኦፕኮድ አውጡ። ኢኒትፖፕን አትጠቀሙ፤ እርሱ ፖይንተሩንም ከስታክ ያወጣዋል፣ የኒው ውጤት ደግሞ ፖይንተሩ ራሱ ነው።
3. ዓይነቱ ክላስ ወይም ሌላ ድብልቅ ከሆነ መነሻ ዋጋውን በሦስተኛው ሁኔታ ጎብኙ።
4. ውጤቱ የሚጣል ከሆነ ፖይንተሩን ከስታክ አውጡ።

ከ1 እና 2 ቅደም ተከተል አትውጡ። ከሲ++17 ወዲህ የሜሞሪው ጥሪ ከመነሻ ዋጋው ስሌት መቅደም አለበት።

ለአሬይ ኒው መጀመሪያ የብዛቱን ኤክስፕረሽን ጎብኙ፤ ዋጋው ስታክ ላይ ይቀመጣል። የብዛቱን ዓይነት ሁልጊዜ በክላሲፋይ ፈንክሽን ጠይቁ። ባለ 64 ቢት ነው ብላችሁ ከገመታችሁ ለባለ 32 ቢት ታርጌት ኮምፓይል ሲደረግ ይሰበራል፤ የሚቆጠረው ኮምፓይለሩ የሚሮጥበት ማሽን ሳይሆን ኮዱ የሚሮጥበት ነው። ለፕሪሚቲቭ ኤለመንትና ለድብልቅ ኤለመንት የተለያዩ ኦፕኮዶች ያስፈልጋሉ፤ የመጀመሪያው የኤለመንቱን ፕሪሚቲቭ ዓይነት ይይዛል፣ ሁለተኛው ሙሉ ዲስክሪፕተር።

ማስጠንቀቂያ፣ ኖትሮው፦ በኖትሮው (ሲያቅትህ ኤክሴፕሽን አትወርውር በሚል ምልክት) የተጻፈ ኒው ብዛቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ባዶ ፖይንተር ይመልሳል። በዚህ ጊዜ መነሻ ዋጋው መሰላት የለበትም። ከአሎክ በኋላ ፖይንተሩን ፈትሹና ባዶ ከሆነ መነሻውን ዝለሉ። ከዝላዩ በኋላ በሁለቱም መንገድ የስታኩ ቁመት እኩል መሆኑን በወረቀት ላይ ቁጠሩ።

ማስጠንቀቂያ፣ ወደ ኋላ መዝለል፦ አመንጪው በሁለት መልክ ይሠራል። ለፈንክሽኖች ባይትኮድ አውጥቶ ያስቀምጣል፤ ከፈንክሽን ውጭ ላለ ኤክስፕረሽን ግን እያወጣ ወዲያው ያስፈጽማል። ሁለተኛው ወደፊት ብቻ ነው የሚዘለው። ወደ ኋላ የሚዘል ዙር እዚያ ካወጣችሁ ምንም መልእክት ሳይመጣ ዙሩ አንዴ ብቻ ይሄዳል። የአሬዩን ቀሪ ኤለመንቶች የመሙላት ሥራ ቀላል ከሆነ ሙሉ ዙሩን የሚሠራ አንድ ኦፕኮድ ጻፉለት።

## ደረጃ 4፦ ኦፕኮዱን አስመዝግቡ

ኦፕኮዶች የሚዘረዘሩት በቴብልጀን (ከመግለጫ ኮድ በሚያመነጨው መሣሪያ) ፋይል ነው። አንድ መግለጫ ስትጽፉ አውጪ ፈንክሽኑ፣ አስፈጻሚው ክፍል እና ባይትኮዱን በጽሑፍ የሚያሳየው ክፍል ይመነጫሉ። የናንተ ድርሻ ሦስት ነው፦ ባይትኮዱ ውስጥ የሚቀመጡ አርጊውመንቶችን፣ ኦፕኮዱ የሚሠራባቸውን ፕሪሚቲቭ ዓይነቶች እና ስሙን መግለጽ።

የአርጊውመንቶቹን ቅደም ተከተል ከአስፈጻሚው ፈንክሽን ጋር ሁለት ጊዜ አመሳክሩ። ዲሊት ሁለት ቡሊያን ይይዛል፦ የአሬይ መልክ ነው ወይ፣ ግሎባል ነው ወይ። ተገላብጠው ቢጻፉ ግንባታው ያልፋል፤ ኮምፓይለሩ ግን ለትክክለኛ ፕሮግራም የተሳሳተ ስህተት ይሰጣል።

## ደረጃ 5፦ አስፈጽሙ፤ ግን መጀመሪያ ፍረዱ

እያንዳንዱ ኦፕኮድ ቡሊያን ይመልሳል፤ ሐሰት ማለት ስሌቱ ቆመ ማለት ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ምንም ነገር ከመለወጣችሁ በፊት ምርመራው ሁሉ ይጠናቀቅ።

አሬይ ስትወስዱ ብዛቱ ኔጋቲቭ መሆኑን፣ ከተሰጡት መነሻ ዋጋዎች ቁጥር ማነሱን፣ እንዲሁም ከአቅም በላይ መሆኑን በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ። አቅሙን ብዛትን በኤለመንት መጠን በማባዛት አትፈትሹ፤ ብዜቱ ራሱ ሊሞላና ትንሽ ቁጥር ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ጣሪያውን ለኤለመንቱ መጠን አካፍሉና ብዛቱን ከውጤቱ ጋር አወዳድሩ።

ዲሊት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦

1. ፖይንተሩን ከስታክ አውጡ። ባዶ ከሆነ በእውነት መልሱ፤ ባዶ ፖይንተር ዲሊት ማድረግ ይፈቀዳል።
2. ብሎኩ በሕይወት እንዳለ አረጋግጡ። ከሞተ ሁለተኛ ዲሊት ነው።
3. ብሎኩ በኒው የተወሰደ መሆኑን አረጋግጡ። የሎካል ተለዋዋጭ አድራሻ እዚህ ይያዛል።
4. ፖይንተሩ የብሎኩን መነሻ እንጂ መሃሉን ወይም አንድ አባሉን እንደማያመለክት እዩ።
5. ፖይንተሩ ወደ ቤዝ ክላስ ተለውጦ ከሆነ ቤዙ ቨርቹዋል ዲስትራክተር እንዳለው ፈትሹ። ከሌለው ከልክሉ።
6. የአወሳሰዱ ዓይነት ከዲሊቱ መልክ ጋር መግጠሙን አወዳድሩ።
7. ዲስትራክተሮችን አስኬዱ፤ አሬይ ከሆነ ከመጨረሻው ኤለመንት ወደ መጀመሪያው።
8. ብሎኩን ከመዝገቡ አውጡ።

በ7 እና በ8 መካከል ያለው ክፍተት አደገኛ ነው። ዲስትራክተሩ የተጠቃሚ ኮድ ስለሆነ ሌላ ኒው ሊጠራ፣ ይባስ ብሎም ያንኑ ብሎክ ዲሊት ሊያደርግ ይችላል። ከዲስትራክተሩ በፊት የያዛችሁትን የመዝገብ ኢተሬተር ወይም ወደ ብሎኩ የሚያመለክት የአስሊውን የራሱን ፖይንተር በኋላ አትጠቀሙ። የሚያስፈልጋችሁን ቅዱ፤ መዝገቡን እንደገና ፈልጉ፤ ካልተገኘ የሁለተኛ ዲሊት መልእክት አውጡ። የአድሬስ ሳኒታይዘሩ ግንባታ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

## ደረጃ 6፦ በስሌቱ መጨረሻ ቆጠራ አድርጉ

መዝገቡ ባዶ መሆኑ የሚመረመረው ሙሉው ስሌት ሲያልቅ ነው። ፈንክሽን በተመለሰ ቁጥር ብትመረምሩ ፖይንተር የሚመልሱ ፈንክሽኖች ሁሉ ይወድቃሉ። የቀረ ብሎክ ካለ ማስታወሻው ወደ ኒው ኤክስፕረሽኑ ይጠቁም፤ ብዙ ከሆኑ አንዱን አሳዩና የቀሩትን በቁጥር ጥቀሱ።

ከዚህ ተለይቶ የመጨረሻውን ዋጋ መርምሩ። ኮንስትኤክስፐር የሆነ ተለዋዋጭ በኒው የተወሰደ ሜሞሪ አድራሻ ይዞ መቅረት አይችልም። አድራሻው በክላስ አባል ውስጥ፣ በአሬይ ውስጥ ወይም በቤዝ ክላስ ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው እስከ ታችኛው አባል ይውረድ።

## ደረጃ 7፦ መልእክቶቹን አስተካክሉ

ክላንግ ሁለት የክልከላ ደረጃ አለው። ኤፍኤፍዲያግ ስሌቱ በፍጹም ሊቀጥል እንደማይችል ይናገራል። ሲሲኢዲያግ ግን ዋጋው ሊታወቅ ቢችልም በመስፈርቱ ቃል ኮንስታንት ኤክስፕረሽን እንዳልሆነ ይመዘግባል፤ ስሌቱ ይቀጥላል። የሞተ ሜሞሪ ማንበብ የመጀመሪያው ነው። በቆየ የቋንቋ ስሪት የተጻፈ ኒው፣ ማለትም ከሲ++20 በፊት፣ ሁለተኛው ነው። ስታደባልቁ አንድም የነበረ ኮድ ይሰበራል፣ አንድም ስህተት ያልፋል።

ኮንስትኤክስፐር ፈንክሽን ሲገለጽ ክላንግ አርጊውመንት ሳይኖረው አንዴ ይሞክረዋል፤ ዓላማው ፈጽሞ ኮንስታንት ሊሆን የማይችለውን ፈንክሽን ማግኘት ነው። በዚህ ሙከራ የአርጊውመንት ዋጋ አይታወቅም። ኦፕኮዳችሁ ያልታወቀ ዋጋ ሲገጥመው መልእክት ሳያወጣ ሐሰት ይመልስ። ይህን ከረሳችሁ ብዛቱን በአርጊውመንት የሚቀበል ፍጹም ጤነኛ ፈንክሽን «ኮንስታንት ሊሆን አይችልም» ተብሎ ይወቀሳል።

## ደረጃ 8፦ ቴስት ጻፉ

ቴስቱን በክላንግ የኤኤስቲ ቴስቶች ሥር ባይትኮድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። አንዱ የራን መስመር (ቴስቱን የሚያስኬደው ትእዛዝ) አዲሱን አስሊ፣ ሌላው ነባሩን ያስኪድ፤ ለጋራ መልእክቶች ቦዝ፣ ለአዲሱ ብቻ ኤክስፔክትድ፣ ለነባሩ ብቻ ሬፍ የሚሉትን መለያዎች ተጠቀሙ። ሁለቱ ሲለያዩ ነባሩ ትክክል ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ወደ ሰንጠረዣችሁ ተመለሱና መስፈርቱን አንብቡ።

ለእያንዳንዱ የሰንጠረዥ ረድፍ ቢያንስ አንድ የሚያልፍና አንድ የሚወድቅ ፕሮግራም ይኑር። ከዚያ እነዚህን ጨምሩ፦ ውጤቱ የተጣለ ኒው፣ ዜሮ ብዛት ያለው አሬይ፣ ከፈንክሽን ውጭ የተጻፈ ኤክስፕረሽን፣ ባለ 32 ቢት ታርጌት፣ ዲስትራክተሩ ራሱ ኒው የሚጠራ ክላስ። መጨረሻ ላይ የክላንግ ቴስቶችን ሁሉ የያዘውን ቼክ-ክላንግን ሙሉውን አስኬዱ።

## ሲበላሽ

ስታኩ ባዶ አይደለም የሚል አሰርሽን። የሚጣል ውጤት ከስታክ ሳይወጣ ቀርቷል፣ ወይም ከሁለት የዝላይ መንገዶች አንዱ ተጨማሪ ዋጋ ይዞ ደርሷል። የፈንክሽኑን የደምፕ ፈንክሽን ከዲበገር ጥሩና በእያንዳንዱ ኦፕኮድ ላይ የስታኩን ቁመት ቁጠሩ።

የዓይነት አለመግጠም አሰርሽን። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አሰርሽኑ ከታየበት ኦፕኮድ ሳይሆን ከእርሱ በፊት ካለው ነው። መጀመሪያ የብዛቱን ዓይነት፣ ቀጥሎ በድብልቅ ዓይነት ፈንታ የፕሪሚቲቩን ኦፕኮድ አውጥታችሁ እንደሆነ እዩ።

ምንም ማስታወሻ የሌለው ስህተት። አንድ ኦፕኮድ መልእክት ሳያወጣ ሐሰት መልሷል። በደረጃ 7 ከተጠቀሰው ሙከራ ውጭ ይህ መሆን የለበትም።

አንዱ ቴስት ብቻውን ያልፋል፣ ከሌላው በኋላ ይወድቃል። ኦፕኮዱ ከስሌቱ ውጭ የሚኖር ነገር ለውጧል። ክላንግ የአንድን ተለዋዋጭ ዋጋ በሙከራ አስልቶ ሊተወው ይችላል፤ ስሌቱ ሳይጨርስ ሲቆም የሜሞሪ መዝገቡ ካልጸዳ ትርፉ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። ጽዳቱን በመልካሙ መንገድ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ መውጫ አድርጉ።

የእርምጃ ጣሪያ ላይ መድረስ። በክላንግ የነባሪው ጣሪያ 1,048,576 እርምጃ ነው፤ የጥሪ ጥልቀቱ ደግሞ 512። ትንሽ ፕሮግራም እዚህ ከደረሰ ጣሪያውን አታንሱ፤ የመውጫ ዝላዩ ወደ ተሳሳተ ሌብል ሄዷል። በተቃራኒው አዲስ የዙር ኦፕኮድ ከጻፋችሁ የእርምጃ ቆጣሪውን መንካቱን አረጋግጡ፤ አለዚያ ማለቂያ የሌለው ዙር ኮምፓይለሩን ያንጠለጥለዋል።

## ደረጃ 9፦ ማክሮውን በመጨረሻ ክፈቱ

ፕሮግራሞች ፊቸሩ መኖሩን የሚጠይቁት በማክሮ ነው፤ ለኮንስትኤክስፐር ዳይናሚክ አሎክ ዋጋው 201907 ነው። ከሰንጠረዣችሁ አንድ ረድፍ እንኳ ባዶ እያለ አትግለጹት፤ የስታንዳርድ ላይብረሪ ጸሐፊዎች ይህን አይተው ነው ቬክተርንና ስትሪንግን በኮምፓይል ጊዜ እንዲሠሩ የሚያደርጉት። ግማሽ ድጋፍ ላይ ማክሮውን ብትከፍቱ ስህተቱ የሚታየው ተጠቃሚው ባልጻፈው ሄደር ፋይል ውስጥ ይሆናል። ማክሮውን፣ የድጋፍ ሰንጠረዡን ገጽ እና የልቀት ማስታወሻውን በአንድ ፓች ለውጡ፤ ችግር ተገኝቶ ፓቹ ቢመለስ ሦስቱም አብረው ይመለሳሉ።